ሐጂ እንዴት እንደ በዘበዙኝ

ሥራ የሌለው ሰው ጊዜ ያለው የሚመስላችሁ ከሆነ፣ ሥራ ፈትታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ሥራ አጥ የሠፈር ሁሉ ንብረት ነው። የለቅሶ ድንኳን የሚተክል ሲጠፋ እሱ ይጠራል፤ የስኳር ሰልፍ የሚይዝ ሲታጣ እሱ ይላካል፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚያጨበጭብ ከተፈለገማ ከእሱ የተሻለ ማን አለ? እኔ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ዓመታት ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ የደከምሁበት ዘመን ግን ትዝ አይለኝም።

ሰንፌ እንዳይመስላችሁ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ከቁንዝላና ከደቅ ደሴት በጣና ላይ በጀልባ እህል እያስመጡ ይሸጣሉ። እኔ ጫኝና አውራጃቸው ነበርሁ። መንግሥት የእህሉን ንግድ ሲይዝ ጀልባቸውም መጋዘናቸውም ተወረሰና የሕዝብ ሆነ ተባለ። እኔም ሕዝብ ነኝ ብዬ በማግሥቱ ሥራ ልገባ ብሄድ ዘበኛው ከበር መለሰኝ። የታለመው በሐጂ ላይ ነበር፤ ሐጂ ግን ጥቂት ጥሪት ስለ ነበራቸው ችለው ተቀመጡ። ጾሙን ያደረው የእኔ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚገኘው በቀበሌ በኩል ሆነ፤ ቅድሚያው ደግሞ ለተደራጀ ነው። ወዛደር እንዳልባል ነጋዴ ያገለገልሁ፣ ገበሬ እንዳልባል መሬት የሌለኝ። ስለ ጭቁን እንደዚያ በሚዘፈንበት ዘመን ጭቁን ለመባል ምን እንደሚጎድለኝ የሚነግረኝ አጣሁ።

አንድ ቀን መጋዘኑ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርቶኝ፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሐጂ እንዴት እንደ በዘበዙኝ ብናገር ሥራው የእኔ እንደሚሆን ነገረኝ። ሐጂም እዚያው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ባለቤቴ ስትሰማ፣ የልጃችን ክርስትና ዕለት በግ እየጎተቱ የመጡትን ሰውዬ ነው ወይ ብላ ጮኸች። ቀጥላም ባዶውን የሊጥ ሙሃቻ አየችና ለእሑድ ልብሴን ልታጥብ ተነሣች።

እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ሰው ከማማቴ በፊት አስፈቅዳለሁ። ሐጂ ቤት ሄድሁ። ሰውየው ሳቁ። «አንተ ሞኝ! የእኔ ስም እንደ ሆነ አንዴ ጠፍቷል፤ ልጆችህ ከሚራቡ ደህና አድርገህ ስደበኝ» አሉና ያስጠኑኝ ጀመር። ምሳ ይከለክሉኝ ነበር በል አሉ። ይመቱኝ ነበር በል አሉ። ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ ዝንብ አይመቱም ብላቸው፣ «ታዲያ ሥራ የቸገረው አንተን ነው ወይስ እኔን?» ብለው ተቆጡ።

እሑድ ቆምሁ። ሐጂ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው በርታ በሚል ዓይን ያዩኛል። እንደ ምንም ብዬ፣ ምሳ ይከለክሉኝ ነበር አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥሁና፣ «በረመዳን ነው ታዲያ፤ እሱንም እኔ አፍሬ ነው እንጂ እሳቸውስ ብላ ይሉኝ ነበር» ብዬ ጨመርሁበት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ግን አልሳቀም። ጓድ፣ መበዝበዝህን እንኳ የምትረዳበት ንቃተ ኅሊና የለህም፣ ተቀመጥ አለኝ። ሥራዬ ዓይኔ እያየ ሄደ።

ቀጥለው ሐጂ ተነሡ። ወይ አንደበት! እህል ዘገን አድርገው ብቻ እርጥቡን ከደረቁ እየለዩ ገበሬውን ዋጋ ይሰብሩበት እንደ ነበር፣ ነቀዝ ሳይደርስበት አስቀምጠው ክረምት ሲገባ እንዴት ያወጡት እንደ ነበር፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናዘዙ። ካድሬው ተደንቆ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። የሕዝቡ እህል በዚያ መጋዘን እየነቀዘ ነበርና፣ ይህ የብዝበዛ ዕውቀት ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ይዋል ተብሎ ሐጂ እዚያው የመጋዘን ኃላፊ ሆኑ።

ኃላፊ እንደ ሆኑም አንድ ጫኝና አውራጅ ይሰጠኝ አሉ። ምን ዓይነት ሰው ቢሏቸው፣ «ንቃተ ኅሊና የሌለው ይሁንልኝ» አሉ።

ቀበሌው በሙሉ ድምፅ እኔን መረጠ።