አቶ መገርሳ የሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሠልጣኞችን ስም ከፎልደር ወደ ኤክሴል ያሻገሩበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ አቶ ሻፊ በዲንነት በተሾሙ በሦስተኛው፣ የመዝገብ ቤቱ ፕሪንተር ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ የማኅተም ጠባቂው፣ የመሳቢያ ቁልፎች ሁሉ ባለቤት፣ በአንድ ወንበር ሃያ ሁለት ዓመት የጸኑት አቶ መገርሳ ሂርጳ የሠሩት ሥራ ይህ ነው።

የነገሩም መነሻ እንዲህ ነበር። ከፈተናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር እስከ ዓርብ ግንቦት ዐሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኤክሴል ይላክ፣ ስሙ ያልደረሰ ሠልጣኝ የብቃት ምዘናውን የሚወስደው ለከርሞ ነው የሚል። ሠልጣኞቹ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ የእያንዳንዱም ማስረጃ ስካን ተደርጎ፣ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ተሰይሞ፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዲኑም በበረንዳው ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፤ «ጋሼ መገርሳ፣ ስሙ እንደሆነ ፎልደሩ ውስጥ አለ። መገልበጥ ብቻ ነው። ምን ይከብዳል?»

አቶ መገርሳም ሠራዊታቸውን አሰለፉ፤ እጀ ፈጣኗ ጸሐፊ ሰዓዳ በቀኝ፣ ዘበኛው ጉተማ ከነዱላው በግራ፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈው ጠረጴዛ በመካከል፣ በላዩም ግራው ሁልጊዜ፣ ቀኙ ደስ ሲለው የሚታዘዝ ማውስ። ረቡዕ ዕለት አቶ መገርሳ ስሙን ከስክሪን ወደ ወረቀት፣ ሰዓዳ ከወረቀት ወደ ኤክሴል እያሻገሩ፣ ምሳም ሳይበሉ፣ እስከ መቶ አርባኛው ሠልጣኝ ድረስ ገሠገሡ። በመቶ አርባ አንደኛው ላይ መብራት ሄደ። በተመለሰም ጊዜ ሰዓዳ «ሴቭ አላደረግንም እኮ ጋሼ» ስትል ዐወጀች።

ሐሙስ ዕለት ሌላ ስልት ተመከረ። ሰዓዳ ዝርዝሩን ወደ ታች እያወረደች፣ ጉተማ በአዲሱ ስልኩ ስክሪኑን ፎቶ እያነሣ፣ አርባ አንድ ፎቶ ሆነ፤ ፎቶዎቹም በኤክሴል ገጽ ላይ አንድ ባንድ ተለጥፈው ተላኩ፤ በኤክሴል ይላክ ተብሎ ነበርና በኤክሴል ሄደ። ዓርብ ጠዋት ከፈተናው መሥሪያ ቤት የመጣው አዋጅ አጭር ነበር፤ «ይህ ፎቶ ነው። ስም ላኩ።»

በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት የብየዳ ሠልጣኟ ዲንቄ ቃልቤሳ በመስኮቱ ብቅ አለች። አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ምዘናውን ካለፈች በሐምሌ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ለከርሞ ከተባለ ግን ቦታው የሌላ ሰው ነው። እርሷም እጇን የመስኮቱ ብረት ላይ ጥላ እንዲህ ስትል ዐወጀች፤ «ጋሼ መገርሳ፣ ስሜ ዛሬ ካልሄደ ከሰኞ ጀምሮ ወንበር ይዤ እዚህ እቀመጣለሁ። ዓመቱን አብረን እንገፋዋለን።»

አቶ መገርሳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ምክር የሰጡ እንጂ ያልጠየቁ፣ ያን ጊዜ ተነሥተው አስፋልቱን ተሻገሩ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ወዳለው የከሊል ፎቶ ኮፒ ቤትም ገብተው ስለ አንድ የተቸገረ ወዳጃቸው እንደሚጠይቁ ሆነው ጠየቁ። ከሊልም ከማሽኑ ቀና ሳይል እንዲህ ሲል ዐወጀ፤ «ፋይሎቹን በሙሉ ይምረጡ። ሺፍትን ይዘው ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ኮፒ አዝ ፓዝ የሚል፣ ስሙን ከነአድራሻው የሚገለብጥ ይመጣል፤ እሱን ይጫኑና ኤክሴል ላይ ፔስት። ለወዳጅዎ ሰላም ይበሉልኝ፤ ትናንት ስክሪን ፎቶ ሲያነሣ ነበር አሉ።»

ዐሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን አቶ መገርሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሺፍትን በግራ እጃቸው አንቀው፣ በቀኛቸው ማውሱን መቱ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ፣ በአራተኛው ታዘዘ። ከዚህም በኋላ የሁለት ቀን ዘመቻ ያልደፈራቸው ስሞች ሁሉ ባንድ ቅጽበት ወረዱ። እያንዳንዱ ስም ግን የመጣበትን የድራይቭና የፎልደር ስም በጫንቃው ተሸክሞ ነበርና፣ ሰዓዳ ሪፕሌስ በተባለው የመተኪያ ትእዛዝ ሸክሙን አወረደችላቸው። አቶ መገርሳም የመጨረሻውን ረድፍ ቁጥር አይተው ዐወጁ፤ «ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት። ልክ ነው። ላኪው።»

ከመስኮቱ ያልተነሣችው ዲንቄም ሌላ አዋጅ አሰማች፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔን አሳዩኝ።»

ሰዓዳ ስሟን በዝርዝሩ ፈለገች፤ ዲንቄ የለችም። ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ አሁንም የለችም። በሁለት መቶ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ግን «የናዕማ ልደት ኬክ» የተባለ ሠልጣኝ ተገኘ፤ ናዕማ የዲኑ ታናሽ ልጅ ናት፤ ኬኩ እንዴት ከፎልደሩ እንደገባ ዲኑ ባሉበት የጠየቀ አልነበረም። የዲንቄ ፋይል ብቻውን ዴስክቶፑ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት የአያቷ ስም ስለተሳሳተ እንዲያርሙላት ብትለምናቸው፣ አቶ መገርሳ ራሳቸው፣ እንዳልረሳው ብለው ከፎልደሩ አውጥተው ከዓይናቸው ፊት አኑረውት ነበር፤ ከዓይናቸው ፊት ሆኖም ረሱት።

ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አቶ መገርሳ ማንንም አላዘዙም፤ ሺፍትንም አልያዙም። ኬኩን ደመሰሱ፤ በረድፉም ላይ በአመልካች ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ዲንቄ ቃልቤሳ ብለው ጻፉና ቆም አሉ። እርሷ በመስኮቱ «ሮሪሳ» አለች፤ ያንንም ጻፉ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ተላከ፤ አንድ ደቂቃ ሲቀር «ደርሷል» የሚል መልስ መጣ። ዲንቄ መልሱን በዓይኗ ሳታነብ ከመስኮቱ አልተነሣችም።

እንግዲህ ሦስት መቶ ዐሥራ አንዱን ባንድ ምት ያሻገሩ፣ አንዲቱን ግን በጣታቸው ተሸክመው ያደረሱ፣ የማውስ ገሪው፣ የኬክ ደምሳሹ አቶ መገርሳ ሂርጳ ክብር ይገባቸዋል። ብዙዎቹ ማን እንዳሻገራቸው አያውቁም፤ አንዲቱ ታውቃለች። ዕድሜያቸው ከጡረታ መውጫቸው አልፎ ይርዘም፤ መብራትም በእጃቸው ላይ አይሂድ፤ ስማቸውም ከፎልደሩ አይውጣ።