ለኖርበር የተመረጠው ሰዓት

(ሎክል ከተማ፣ የመዳም ጃኮ ሰዓት ቤት መስኮት ፊት ለፊት። የሚያዝያ በረዶ ጣል ጣል ያደርጋል። የከተማው ማርሽ ባንድ ሁለት ሽማግሌዎች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል። ጋስፓር ትራምፔት ነፊ ነው፤ ኡሊስ ደግሞ ሁለቱን የናስ ሳህኖች የሚያጋጨው።)

ጋስፓር፦ ሰማያዊ ነው አልኩህ!

ኡሊስ፦ ለእኔ ጥቁር ነው የሚታየኝ።

ጋስፓር፦ እስቲ ወዲህ ና። እዚህ እኔ ጋ ቁም። አሁንስ?

ኡሊስ፦ አሁን ሰማያዊ ሆነ።

ጋስፓር፦ አየህ!

ኡሊስ፦ አንተ ጋ ስቆም ነዋ። እኔ ጋ ስቆም ጥቁር ነው።

ጋስፓር፦ ወይ ፈጣሪዬ! ዕድሜ ልክህን ሰዓት በሚሠራበት ከተማ ኖረህ የሰዓት ፊት ቀለም አትለይም?

ኡሊስ፦ እኔ አውቶቡስ ነው የነዳሁት። አንተስ ብትሆን የፋብሪካው በረኛ አልነበርክ?

ጋስፓር፦ በረኛ ነበርኩ! ግን አንድም ሰዓት በእኔ በር ሳያልፍ አልወጣም! አሁን እሱን ተወውና፣ ለማን ነው የምንገዛው?

ኡሊስ፦ ነገርኩህ እኮ። ዘንድሮ ባንዱን ለሚለቅ ሰው። ማታ እራት ላይ ይሰጠዋል። ስሙን እንዳልናገር አስምለውኛል።

ጋስፓር፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) እኔም እኮ ዘንድሮ ለቅቄያለሁ። የፊት ጥርሴ ከተተከለ ወዲህ መንፋት አልቻልኩም ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።

ኡሊስ፦ ሰምተናል።

ጋስፓር፦ "አይዞህ" ያለኝ ሰው ግን የለም። አንድ ሰው!

ኡሊስ፦ (ጫማውን እያየ) እ... ብርድ ነው ዛሬ።

ጋስፓር፦ ተወው በቃ። ለእኔ ቢሆንማ እኔኑ ልታስመርጠኝ አትጎትተኝም ነበር። ያን ያህል እንኳ ሞኝ አይደለህም።

ኡሊስ፦ አይደለሁም?

ጋስፓር፦ አይደለህም። ስለዚህ ኖርበር ነው። ከበሮ መቺው! ትከሻዬን አመመኝ ሲል ነው የከረመው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቸኩል የኖረ ሰው ሰዓት ይሸለማል፤ ጉድ እኮ ነው!

ኡሊስ፦ እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።

ጋስፓር፦ ፊትህ ጠርቶታል። በል አንተ መሐላህን ጠብቅ፣ ምርጫውን ለእኔ ተው። ያውልህ፣ የኖርበር ያ ነው!

ኡሊስ፦ የቱ? ያ የሾርባ ሳህን የሚያክለው?

ጋስፓር፦ አርባ ስድስት ሚሊሜትር! የኖርበር ዓይን የለመደው ከበሮ ነው፤ ትንሽ ነገር አያይም።

ኡሊስ፦ ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ብረት ነው እኮ።

ጋስፓር፦ ለዚህ አይደል የመረጥኩለት? መወሰን ላቃተው ሰው የተሠራ ነው። ፊቱንም እየው፣ እንደ እንቁራሪት አረንጓዴ!

ኡሊስ፦ ፊቱ ላይ ያሉት ሦስቱ ትንንሽ ክቦችስ ምን ይሠራሉ?

ጋስፓር፦ አንዱ ሰከንድ ይቆጥራል፣ አንዱ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ሦስተኛውን የሠራው ሰውዬም አያውቀው።

ኡሊስ፦ ቢከብደውስ? ትከሻውን ያመዋል ብለህ የለ?

ጋስፓር፦ ይክበደው! እጁ ሲከብደው አይቸኩልም።

ኡሊስ፦ ለአንተ ቢሆንስ የቱን ትመርጥ ነበር?

ጋስፓር፦ ማን ጠይቆኝ!

ኡሊስ፦ ይኸው እኔ ጠየቅኩህ።

ጋስፓር፦ (ድምፁ ይለዝባል) ያን ጥግ ላይ ያለውን ታየዋለህ? ትንሹን። ሰላሳ ስድስት ናት፣ ከዚያ አትበልጥም። ብረት ብቻ። ወርቅ ብታስር ሰው የሚያየው ወርቁን ነው፤ ብረት ስታስር ግን ሰዓቱን ያያል። ፊቷ እንደ ወተት ነጭ። ቀን የላት፣ ወር የላት፣ ምን የላት። ጠዋት ጠዋት በጣትህ ስትሞላት ክር ክር ትልልሃለች። ከሸሚዝህ እጅጌ ስር ትገባለች፤ እዩኝ እዩኝ አትልም። ዳቦ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር እዚህ እቆማለሁ።

ኡሊስ፦ ጥቁር አይደለችም?

ጋስፓር፦ ነጭ ናት ስልህ! ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ በቁሜ ትገድለኛለህ!

ኡሊስ፦ እሺ፣ እንግባ።

ጋስፓር፦ አንተ ግባ። እኔ እዚህ ቤት አልገባም። ባለፈው መዳም ጃኮ ደንበኛ ስታስተናግድ አንድ ሁለት ነገር ባርማት፣ "ሙሴ ጋስፓር፣ መስማት ሲለምዱ ይመለሱ" አለችኝ።

ኡሊስ፦ እሷ የሰዓቱ ጀርባ ላይ ጽሑፍ ትቀርጻለች፤ ማሽኑም እዚያው አላት። ምን ተብሎ ይጻፍ?

ጋስፓር፦ (ፈገግ ይላል) በቃልህ ያዝ። "ከእንግዲህ ቆጠራውን ለእኔ ተወው፤ አንተ እረፍ።" ለኖርበር የሚናገረው ሰዓቱ ነው። ገባህ?

ኡሊስ፦ ገባኝ። ግን ልምምድ ላይ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተሳሳታችሁ!" እያለ የሚቆጥረው አንተ አይደለህም እንዴ?

ጋስፓር፦ እሱን ለማረም ነዋ! እሱ ባይቸኩል እኔ ምን አስለፈለፈኝ?

ኡሊስ፦ የኖርበር ልጅ ሠርግ ላይም ቆጥረሃል። ፓስተሩ እየጸለዩ።

ጋስፓር፦ ፓስተሩም ቸኩለው ነበር! ግባ አሁን፣ ብርዱ ገደለኝ።

(ኡሊስ ይገባል፤ ቆይታው ይረዝማል። በመስታወቱ ውስጥ ስልክ እየደወለ ሲስቅ ይታያል። ጋስፓር ከውጭ ሆኖ በጣቱ ትልቁን ሰዓት ያመለክታል። መዳም ጃኮ መጋረጃውን ትጎትትበታለች።)

ጋስፓር፦ (ለብቻው) ይሁን። ለኖርበር ይሁን። እኔማ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ምን ሆኖ ነው ይሄን ያህል የሚቆየው?

(ኡሊስ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይወጣል።)

ኡሊስ፦ እጅህን ስጠኝ። ማሰሪያው ልክ መሆኑን ልይ።

ጋስፓር፦ የኖርበርን አንጓ በእኔ አንጓ ልትለካ? ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሞክረው ከሞከርክ!

ኡሊስ፦ እጅህን ስጠኝ አልኩህ። ዓይንህንም ጨፍን። ከተቻለም አፍህን።

(ያስርለታል። ጋስፓር ዓይኑን ይገልጣል።)

ጋስፓር፦ ይሄ ምንድን ነው? ኡሊስ! ትንሿ ናት እኮ! ነጯ! ትልቁን አይደል ያልኩህ?

ኡሊስ፦ ትልቁን ነው ያልከኝ።

ጋስፓር፦ አንተ የማትረባ! የእኔን ሰዓት ወስደህ ለዚያ ከበሮ ደብዳቢ? አሁኑኑ መልስ!

ኡሊስ፦ አይመለስም፤ ተቀርጾበታል።

ጋስፓር፦ ደግሞስ የኖርበር እጅ ላይ መች ይቆለፋል? እይ፣ እኔ ቀጭኑ ሰውዬ እንኳ... እኔ ላይ እንኳ... ልክክ ብሏል።

ኡሊስ፦ አዎ።

ጋስፓር፦ ልክክ ብሏል እኮ፣ ኡሊስ።

ኡሊስ፦ እየሰማሁህ ነው።

(ጋስፓር ሰዓቷን በጣቱ ይዳብሳል።)

ጋስፓር፦ ኖርበር... ባንዱን አልለቀቀም?

ኡሊስ፦ እንኳን ሊለቅ፣ አዲስ ከበሮ ሊያስመጣ ነው።

ጋስፓር፦ (በጓንቱ አፍንጫውን ይጠርጋል) እኔ ደግሞ ረስታችሁኝ መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ... አይ እናንተ ሰዎች!

ኡሊስ፦ እንዴት ብለን እንረሳሃለን? አንተ ከለቀቅክ ወዲህ እኔ ሳህኔን ያለቦታው ነው የማጋጨው። "አሁን!" የሚለኝ ሰው የለማ።

ጋስፓር፦ ታዲያ ለምን እኔኑ አስመረጥከኝ?

ኡሊስ፦ "የሚወደውን አጣርተህ ግዛ" ብለው ላኩኝ። ለአንተ ምን ይገዛልህ ብልህ፣ "ምንም አልፈልግም" ብለህ ትኮፈሳለህ። የኖርበር መስሎህ ግን ሆድህ ያለውን ዘረገፍከው። ማታ ሰው ሁሉ ፊት እንዳታለቅስ ብዬ ነው አሁን ያሳየሁህ። ሲሰጡህ እንደማታውቅ ሁን። ትችላለህ?

ጋስፓር፦ እኔ? እንደማላውቅ? ኧረ ይከብደኛል። (ይስቃል) ሞኝ ነው ስልህ የኖርኩት ሰውዬ እንዲህ ትጫወትብኝ?

ኡሊስ፦ እኔ እኮ ማርሹን ሙሉ ዝም ብዬ ቆሜ አንዴ ነው የማጋጨው። እስቲ ገልብጠው።

ጋስፓር፦ (ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ ያነባል) "ከእንግዲህ ቆጠራውን ለእኔ ተወው፤ አንተ..." ኡሊስ! ይሄ የኖርበር ነው!

ኡሊስ፦ ጽሑፉን ልቀይረው ብዬ ለባንዱ ሰዎች በሙሉ ደውዬ ነበር። አንድ እንኳ ቀይረው ያለ የለም። ኖርበር ሲስቅ ስልኩ ከእጁ ወደቀ።

(ጋስፓር ሰዓቷን መልሶ ያስርና ጆሮው ላይ ያስጠጋታል።)

ኡሊስ፦ እንዴት ናት? ትቆጥራለች?

ጋስፓር፦ ትቆጥራለች። (ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል) ብቻ... ትንሽ ትቸኩላለች።