ወረፋ የያዘው ዱላ

እናንተ ሰፈርስ የምርጫ ጣቢያው ሳይከፈት ደጁ ላይ የሚገኝ ሰው አለ? እኛ ላስታ ውስጥ አያ ሞላ አሉ። ዘንድሮ እንኳ ልቅደማቸው ብዬ ዶሮ ሲጮህ ተነስቼ ብደርስ ሰው የለም፤ ዱላቸው ግን አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ወረፋ አስይዘውት ቅዳሴ ሄደዋል! ከኋላው የጎረቤቶቻቸው ዱላዎች ተከታትለዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰልፍ አይቼ አላውቅም፤ የሚጋፋ የለ፣ የሚያማ የለ። የእኔንም ከመጨረሻው አቆምኩ።

ረፋዱ ላይ አያ ሞላ ቀለም የነካ ጣታቸውን ቀስረው ሲወጡ፣ «ምነው አያ፣ ይህን ያህል መማለድ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከለቅሶና ከምርጫ የዘገየ ሰው ይታማል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የመንደራችን የውሃ ቦኖ ተበላሽቶ ሴቶቹ ወንዝ መውረድ ከጀመሩ ግን ከራርሟል፤ ለመጠየቅ የዘገየውን ማን ያማል? ሰሞኑን የመረጥነው ሰውዬ ቢሮ ደጅ ደርሼ ነበር። አንድም ዱላ አልቆመም። የእኔን ግድግዳው ላይ ላስደግፈው አሰብኩ። ያን ቀን አያ ሞላን ልቅደም ብዬ እንቅልፌን ያጣሁት ሰው፣ አንደኛ መሆን ፈራሁና ዱላዬን ይዤ ተመለስኩ።