የሊቀ መንበሩን ጥርስ ስለሚነዝረው ቀዝቃዛ ውሃ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ 8፡10
ቦታ፦ የልብስ ስፌት ክፍላችን፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ
የተገኙ፦ ዋናው ልብስ ሰፊ ጋሼ (ሊቀ መንበር)፣ የእህታቸው ልጅ (ቆራጭ)፣ አቶ እንፋሎት የምንለው ልብስ ተኳሽ፣ አዝራር ተካይ (ጸሐፊ)። ከአራቱ አራቱም ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. ስለ ውሃው
ሊቀ መንበሩ ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሳቸውን እየነዘራቸው ሦስት ኮሌታ ገልብጠው መስፋታቸውን ገልጸው ውሃውን ከሰሱ። ቆራጯ ጥፋቱ የውሃው ሳይሆን አርባ ዓመት ክር በጥርስ የመበጠስ መሆኑን አስረዳች። “ጋሼ፣ መቀሱ እኮ አጠገብዎ ነው!” ሊቀ መንበሩ “መቀስሽ ይደንዛል፣ የኔ ጥርስ አይደንዝም” ማለታቸው ተመዝግቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ ለውሃው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ተወሰነ። ውሃው መልስ አልሰጠም።

2. ስለ ብሩሹ
ተኳሹ ጥርስ የሚነዝረው በደንብ ስላልተፈተገ ነው ብሎ፣ የኮት ብሩሹ ሥራ ላይ እንዲውል ሐሳብ አቀረበ። ቆራጯ አጥብቆ መፈተግ ድድን አሽሽቶ የጥርሱን ሥር እንደሚያጋልጥ፣ ሎሚና ለስላሳ ማብዛትም ሽፋኑን እንደሚበላ ተናገረች።
“አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆንሽብን!”
“አንተስ በቀሩህ አራት ጥርሶች አማካሪ ሆነህ የለ?”
ሁለቱም ንግግራቸውን እንዲያነሱ ተጠይቀው አላነሱም። ድምፁ ሁለት ለሁለት ስለሆነ፣ ሊቀ መንበሩ ያሉበት ወገን አሸንፎ ብሩሹ ጸደቀ።

3. ልዩ ልዩ
ጸሐፊዋ የሊቀ መንበሩ ግራ ጉንጭ ማበጡ እንዲመዘገብ ጠየቀች። ሊቀ መንበሩ ጢም ነው አሉ። ጸሐፊዋ ጢም በአንድ በኩል ብቻ ይበቅላል ወይ አለች። ከዚያም የልጇን ነገር ተናገረች። መጀመሪያ ጥርሱን ሲነዝረው ነገ ያልፋል ተባለ። ቀጥሎ ውሃው ከተዋጠም በኋላ ሕመሙ አልለቀው አለ። ያን ጊዜ መሄድ ነበረባቸው፤ አልሄዱም። ፊቱ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የጥርሱ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር።
ሊቀ መንበሩ “የሞተው በልብ ሕመም ነው ብለሽን አልነበር እንዴ?” ሲሉ ጠየቁ።
ጸሐፊዋ “ልጄን ጥርስ ገደለብኝ ብዬ ለማን ልናገር፣ ጋሼ?” ስትል መለሰች።
ቆራጯ የአጎቷን ግንባር ዳስሳ ትኩሳት እንዳላቸው ለጉባኤው አሳወቀች። ሊቀ መንበሩ ጥርሱ ከተነቀለ ክሩን በምን እንደሚበጥሱ ጠየቁ። ተኳሹ የራሱን ጥርስ ለማዋስ ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ።

ውሳኔ፦ ተራ ቁጥር 1 እና 2 ተሽረዋል። ውሃው ነፃ ወጥቷል፤ ብሩሹ ወደ ኮቱ ይመለስ። ሊቀ መንበሩ አሁኑኑ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ በሦስት ድምፅ፣ በራሳቸው ብቸኛ ተቃውሞ ተወስኗል።

ስብሰባው 9፡05 ላይ፣ ሊቀ መንበሩ በቆራጯና በተኳሹ ግራና ቀኝ ተይዘው ሲወጡ ተበትኗል። የሊቀ መንበሩ ፊርማ የለም። ሲመለሱ ይፈርማሉ።