የእጅ ደረጃ ምደባ በቦሳ ኪቶ

ሕዝቡ በዘይትና በስኳር ላይ ተመን ወጥቶለት፣ ተመኑን አግኝቶ ዘይትና ስኳሩን በመፈለግ ላይ ሳለ፣ በ2003 ዓ.ም. ጥር ወር የጥፍር ጉዳይ ተረስቶ መቅረቱ አንድ ታላቅ ሰው እንቅልፍ ነሣቸው። እኚህ ሰው አቶ ፈለቀ ናቸው። ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከመሆናቸው በፊት ሃያ ዓመት የቡና ደረጃ ሲያወጡ ኖረዋል። ቡና የመደበ ምን ያቅተዋል?

ነገሩ የተነሣው በሰርግ ሰሞን ነው። ቡናው ተሽጦ ኪስ ሞቅ ሲል፣ ከሰርቦ የመጣች ሙሽራ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ሩሐማ የውበት ቤት ገብታ አሥር ጥፍሯን ለመቀባት ስልሳ ብር ከፈለች። ሙሽራዋ ደስ ብሏት ሄደች፤ አቶ ፈለቀ ግን በእሷ ፈንታ አዘኑ።

"ኪራይ ሰብሳቢነት እስከ ጣታችን ጫፍ ወርዷል!" አሉ፣ የሩሐማ ሁለት ወንበርና አንድ መስታወት መሐል ቆመው።

"አቶ ፈለቀ፣ ቀለሙን ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው" አለች የቤቱ ባለቤት ሩሐማ። "የቤት ኪራይም አለብኝ። ከዚህ ዝቅ ካልኩ መዝጋቴ ነው።"

"አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ? ከተመን በላይ ስትሠሪ ካገኘንሽ እኛው እናሽግልሻለን።"

መንግሥት ለሕዝብ ሲያስብ እንዲህ ነው፤ የመዝጋቱን ድካም እንኳ ይጋራል።

ተመኑ ሳይንሳዊ እንዲሆን እጆች ሁሉ እንደ ቡና ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ እንዲመደቡ ተወሰነ። ደረጃ አንድ እጅ ሃያ ብር፣ ደረጃ አምስት አምስት ብር ይከፍላል።

"የተሰነጠቀ ጥፍር እኮ ነው ሥራ የሚበዛበት!" አለች ሩሐማ።

"እንከን ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። ቡና ጠይቂ።"

አድልዎ እንዳይኖር ደግሞ መዳቢው የእጁን ባለቤት ማየት የለበትም። የቡና ቀማሽ የማንን ቡና እንደሚቀምስ መች ያውቃል? ስለዚህ የሩሐማ መጋረጃ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እጅ በሚያሾልክ መጠን ተቀደደ። በሩ ላይም "ለናሙና እጃቸውን ለሚያቀርቡ ሴቶች ጥፍር በነጻ ይቀባል" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወጪው የሩሐማ፣ ነጻነቱ የጽሕፈት ቤቱ ነበር።

በምደባው ቀን ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰለፉ። አቶ ፈለቀ መነጽራቸውን ሰክተው ተቀመጡ፤ ጸሐፊው ሙኒር መዝገብና ማኅተም ይዞ ከጎናቸው ሆነ።

"ማሎ፣ እባክዎ አቶ ፈለቀ" አለ ሙኒር በሹክሹክታ፣ "በቡናው ከመቶው ነጥብ ስልሳው የጣዕም ነው። ይሄን ማን ሊቀምስ ነው?"

አቶ ፈለቀ በጥልቀት አሰቡ። "ጣዕም በመዓዛ ይተካ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙኒር።

ስድስት እጆች በሰላም አለፉ። ሰባተኛው በቀዳዳው ሲወጣ አቶ ፈለቀ አገላበጡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ አሸተቱት።

"ጻፍ። መጠን፣ ያልተስተካከለ። እንከን፣ ሁለት ስንጥቅና አንድ የቢላ ጠባሳ። መዓዛ፣ ቀይ ሽንኩርት… በርበሬ… ኮረሪማ…" ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ይሄን መዓዛ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።"

"ደረጃ?"

"አምስት። ለውጭ ገበያ አይቀርብም፤ ለአገር ውስጥ ፍጆታ ይዋል።"

ሙኒር ማኅተሙን አሳረፈ። እጁ ግን አልገባም። አመልካች ጣቱን ቀስሮ በአቶ ፈለቀ አፍንጫ ላይ ቆመ።

"የዛሬ ምሳህ ነው!" አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነበሩ። ለጥፍር ቀለም ብር በጠየቁ ቁጥር "ቅንጦት ነው" ስለሚባሉ፣ ነጻ የሚለውን ማስታወቂያ አምነው መጥተዋል። ቁጥር ሰባት ማን እንደሆኑ ሩሐማ አስቀድማ ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አልተጣራም።

"ሃያ ሁለት ዓመት የአገር ውስጥ ፍጆታ!" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ። "ከዛሬ ጀምሮ ወጥህን ከውጭ ገበያ ፈልግ!"

አቶ ፈለቀ ፈጥነው ወደ ሩሐማ ዞሩ። "ሩሐማ፣ ደረጃ አንድ አድርገሽ ቀቢያት።"

"በሃያ ብር የሚቀባ ቀለም አልቋል።"

"እንደ ስኳሩ?"

"እንደ ስኳሩ።"

አቶ ፈለቀ ግራ ቀኝ አዩ። "ከጓዳስ?"

"ከጓዳ በስልሳ ብር አለ። ግን ያሽጉብኛል።"

"ማነው የሚያሽግብሽ?" ብለው ጮኹ አቶ ፈለቀ፣ ከልባቸው ተቆጥተው።

ይህን ጊዜ እጁ ገባ፤ በምትኩ በዚያው ቀዳዳ አንድ እግር እየታገለ ወጣ።

"እግርስ ስንት ነው?" አሉ አቶ ፈለቀ በደከመ ድምፅ።

"ለእግር ተመን አልወጣም" አለች ሩሐማ ወንበሯን እየሳበች። "ነጻ ገበያ ነው። መቶ ሃያ።"

አቶ ፈለቀ ሳይከራከሩ ቦርሳቸውን አወጡ። ሙኒር ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ።

"ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ልበል?"

"ገበያው ተረጋግቷል በል።"