ታኅሣሥ ላይ የተተከለው የሚያዝያ ድንኳን

ሶፍትዌር ሥራልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው «ቀላል ነገር ነው» በማለት ነው። ቀላልነቱን በምን እንደለካው አይናገርም። ሐኪም ቤት ገብቶ «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው፣ ቶሎ በለው» የሚል በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከጫማ መደብር በላይ ባለችው ቢሮዬ ተቀምጬ ስንቱን ቀላል ነገር ሰምቻለሁ። ቢሮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና መብራት ሲጠፋ እንደ ጫጩት የሚጮህ ባትሪ ናት።

ሐጂ ሁሴንም የጀመሩት እንደዚያው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ለሠርግ ያከራያሉ። ትእዛዝ የሚቀበሉት በስልክ፣ የሚይዙት በጭንቅላታቸው ነበር፤ ጭንቅላታቸው ደግሞ አብሯቸው እያረጀ ነው። አንድ ጊዜ ያንኑ ድንኳን ለሁለት ሠርግ ቃል ገብተው ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተልኮባቸዋል።

«ልጄ፣ ቀላል ነገር ነው» አሉኝ። «ሰው ሲደውል ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ትመዝግብ። ቀኑ ሲደርስ ሹፌሩ ስልክ ላይ ይውጣለት። ተክሎ ሲጨርስ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ልየው።»

ሠራሁላቸው። ያማረ ነገር ነበር፤ ስለ ራሴ ሥራ ስናገር ማጋነን አልወድም፣ ግን ያማረ ነበር። በተለይ በፎቶው እኮራበት ነበር። ሐጂም በየሻይ ቤቱ ስልካቸውን እያወጡ የተተከለ ድንኳን ያሳዩ ጀመር።

ታዲያ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንደወትሮው ረዘመ። እኔም ቤተሰቡም ሥራውም ደህና መሆናችን ከተረጋገጠ በኋላ፣ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ሠርግ ቤት ሰው ለምን ያለቅሳል?» አሉኝ።

«የሙሽራዋ እናት ይሆናሉ» አልኳቸው።

«እናትስ አንድ ናት። እዚህ ፎቶ ላይ የሚያለቅሰው ሰፈሩ ነው።»

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ወንበሩ በመስመር ተደርድሯል፤ ከሥሩ ግን ሴቶች እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ቦታው ሐርቡ፣ ደንበኛው አቶ ይማም ይላል። ሐጂ አቶ ይማም ጋ ሲደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ደረስኩ፤ ከዚያ ሐጂ በመኪናቸው ወደ ሐርቡ ይዘውኝ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ሲጸልዩ ነበር።

ነገሩ የገባን እዚያው ስንደርስ ነው። አቶ ይማም ልጃቸውን የሚድሩት ሚያዝያ ነው። ድንኳኑን ቀደም ብለው አዝዘው ያን ቀን ጠዋት እሳቸው ለጉዳይ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሚስታቸውና ልጃቸው ልብስ ሊገዙ ወደ ደሴ ወጥተዋል። ሹፌሩና ሠራተኞቹ ሲመጡ ቤቱ ዝግ ነው። የደጁ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ተከሉት። እንግዲህ አስቡት፤ ሠርግ ቢሆን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይጠራ ነበር። ያልተጠራበት ድንኳን በአገራችን ትርጉሙ አንድ ነው።

መጀመሪያ ያዩት የአቶ ይማም ታላቅ ወንድም አቶ እንድሪስ ናቸው። ማሳቸው ከመስኖው ቦይ ማዶ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በውሃ ተራ ተጣልተው ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ለሠርጉም አጎት ሆነው ሳለ አይጠሩም ተብሎ ተቆርጧል። ያን ጠዋት ግን መቆፈሪያቸውን ጥለው ቦዩን ተሻገሩና ከሠራተኞቹ አንዱን «የማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ምን ያድርግ? ስልኩ ላይ የተጻፈውን ነገራቸው። «የአቶ ይማም ነው።»

ከዚያ በኋላ የአቶ እንድሪስ ጩኸት ሰፈሩን ጠራው። የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር ማለት ነው፣ ዳኛ እንኳ እያለቀሱ ነው የተቆጡት። የራሳችን ድንኳን እያለ የኮምቦልቻ ድንኳን ማን አምጡ አላችሁ፣ ሬሳውስ የት ነው እያሉ ለቀስተኛውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ሐጂ ነገሩን ለማስረዳት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አንዱ ተጠምጥሞባቸው ያለቅሳል። እኔንም ያቀፈኝ ሰው ነበር፤ አብሽር፣ አይዞህ አለኝ።

ይኼኔ አንድ ባጃጅ መጣና አቶ ይማም ወረዱ።

ድንኳኑን አዩ። ሕዝቡን አዩ። ከሕዝቡ መሀል መሬት ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱትን ወንድማቸውን አዩ። ኋላ እንደነገሩን፣ በሐሳባቸው የመጣባቸው ሐረጎ ላይ የተገለበጠ መኪና ነበር፤ ሚስታቸውና ልጃቸው በዚያ መንገድ ነው የሄዱት። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ እያፈገፈገ መንገድ ለቀቀላቸው። አቶ ይማም እየተንገዳገዱ ወንድማቸው ፊት ተንበረከኩ።

«አያ፣ ንገረኝ። ማናቸው ናቸው? ሁለቱም ናቸው?»

አቶ እንድሪስ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«አንተ ነህ» አሏቸው።

«እኔ ምን?»

«የሞትከው አንተ ነህ።»

ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። አንዱ ስለምን እንደሚያለቅስ ሌላው ያወቀ አይመስለኝም። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ከፊሉ ግን ከፍርሃት ነበር።

ደሴ ተደወለ። እናትና ልጅ ፒያሳ ጫማ እየመረጡ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅቷ ድንኳኗ መተከሉን ስትሰማ ቀሚሴ ገና አልተሰፋም ብላ ደነገጠች። ሐጂም ዘወር ብለው እኔን አዩኝ።

ምን ልበላችሁ? የሠርጉ ቀን ሚያዝያ ዐሥር በፈረንጅ ሲቆጠር 18/4 ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ውስጡን የሚያስበው በፈረንጅ ነው፤ ለጸሐፊዋ ወደኛ ቀን መልሶ ያሳያል፣ ለሹፌሩ ግን መመለሱን ረስቶ 18/4 ብቻ አሳይቷል። ሹፌሩ አራተኛውን ወር ቆጠረ፤ ታኅሣሥ። እስከዚያ የነበረው ትእዛዝ የዚያው ሳምንት ስለሆነ ጸሐፊዋ ቀኑን በቃል ትነግረው ነበር፤ ቀድሞ የታዘዘ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሐርቡ ሰው በፈረንጅ ወር ይቆጥራል ብሎ ማን ያስባል? ይህን ሁሉ፣ ሲያለቅስ ቆይቶ ሟች ላጣ ሕዝብ ቆሜ አስረዳሁ። የኮሌጅ መመረቂያዬን ሳቀርብ እንኳ እንደዚያ አላላበኝም።

አቶ ይማም ሰምተውኝ ጨረሱ። ዱላው ከየት በኩል እንደሚመጣ ስገምት፣ ወደ ወንድማቸው ዞረው «አያ፣ በሠርጉ ከፊት ነው የምትቀመጠው» አሏቸው። አቶ እንድሪስ ተነሥተው ቦዩን ተሻገሩና ሙክት እየጎተቱ ተመለሱ። ድንኳኑ እስከ ማግስቱ ይቆይ ተባለ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ዱዓ አድርጎ፣ በልቶ ተበተነ። የቅሬው ዳኛ ብቻ የኮምቦልቻውን ድንኳን እስከመጨረሻው በክፉ ዓይን ሲያዩት ዋሉ።

ደሴ ተመልሼ መጀመሪያ የሠራሁት ቀኑን ማስተካከል ነው። አሁን ሹፌሩ ስልክ ላይ ወሩ በስሙ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ይወጣል። ቢፈልግ እንኳ ሊሳሳት አይችልም።

ጥቂት ቆይቶ ሐጂ ደወሉ። ከሰላምታው በኋላ፣ የሐርቡ ሽማግሌዎች ሱቃቸው ድረስ መጥተው እንደነበር ነገሩኝ። እዚያው ቀበሌ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ፤ ሽምግልናው አልያዘም። ያ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከአንደኛው ደጅ ድንኳን አስተክሎ እንዲሳሳትላቸው ነው የፈለጉት።

«ሐጂ፣ ያማ ስህተት እኮ ነበር። አስተካክየዋለሁ» አልኳቸው።

«ታዲያ ልጄ» አሉኝ ቅር ብሏቸው፣ «የሚሠራ ነገር ምን ነካህና ታበላሻለህ?»