«የለም» የማይሉት አቶ አጥናፉ

በየሰፈሩ፣ ሰው የት እንዳለ ከራሱ ከሰውየው በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይከፍለው፤ ግን ከቤታችሁ ስትወጡም ስትገቡም በዓይኑ ሥር አልፋችሁ ነው። «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃችሁና ገና አፋችሁን ሳትከፍቱ «ሐኪም ቤት ነው አይደል» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ሐኪም ቤት ለመሄድ ያላሰባችሁ እንኳ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጎናችሁን ይወጋችኋል።

እኛ አቃቂ በሰቃ ያለነው በዚህ በኩል ተጎድተን አናውቅም፤ ክቡር አቶ አጥናፉ አሉን። «ክቡር» የምላቸው እኔ ነኝ፣ እሱንም በሆዴ። ሌላው ሰው «ሰዓት ተቆጣጣሪው» ይላቸዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው በየጠዋቱ የሠራተኛ ስም ጠርተዋልና። ሦስት ጊዜ «የለም» የተባለ ሠራተኛ ይባረር ነበር። አቶ አጥናፉ ደግሞ ይህን ቃል መጻፍ አይሆንላቸውም። አለቃው «ይሄ ሰውዬ የት ሄደ?» ብሎ ሲያፈጥባቸው «አለ እንጂ፤ የት ይሄዳል?» ይላሉ። ሰውየው በዚያ ሰዓት ሞጆ ሰርግ ላይ ሊሆን ይችላል። ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት አለፋቸው፤ አባባላቸው ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

የባለሱቁ የአቶ ሙህዲን በግ የጠፋች ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሲፈልግ ዋለ። አቶ አጥናፉ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ «አለች እንጂ፤ የት ትሄዳለች?» አሉና በከዘራቸው ወደ አንድ ሥጋ ቤት ጠቆሙ። በጓ በእርግጥ ነበረች። ግማሿ ተሰቅሎ፣ ግማሿ ተሸጦ።

ይህስ ያስቃል። የማያስቅም አለ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዘው የሚሄዱ የሩቅ አገር ሰዎች፣ ሳያውቁ እኛ ዘንድ ቀድመው ይወርዱና አቶ አጥናፉን መንገድ ይጠይቃሉ። እሳቸው መንገዱን አሳይተው የታሳሪውን ስም ይቀበላሉ። አንዲት ሴት በወሩ ስትመለስ «ሮሪሳ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው?» አሏት። እኔ በመጀመሪያውም ቀን አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስለ ሳል አንድም ቃል አልተነሣም። ሴትዮዋ ስንቁን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሄደች።

ደግሞ ሰው የሌለበት ደጃፍ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አቶ አጥናፉ ግን በበራቸው ሲያልፉ «እንደምን ዋልሽ» ይላሉ፣ ትንሽ ቆመው ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን የሚያዳምጡት ነገር ረጅም ነው። እኔ ያን ጊዜ ወደ ማዶ እሻገራለሁ።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ትምህርት ቤት፣ አየርላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆች ከሚኖሩባት ከተማ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ተጎዳኘ። ሥራው የሥዕልና የተግባር ተባለ። ልጆቹ እዚያም እዚህም «በመንገዳችን ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ያገኙትን ሰው በቁመቱ ልክ ግድግዳ ላይ ይሥላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ የሣለውን ሰው ቤት አንኳኩቶ አንድ ሰዓት ያግዘዋል። በመጨረሻ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ግድግዳቸውን በስክሪን ይተያያሉ። እኔ ስሰማው በጣም ደስ አለኝ። ስህተቱ የት ላይ ተኝቶ እንደሚጠብቀን ግን ማንም አላየም።

ሥራውን የምትመራው መምህርት ማህሌት የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በሚኒባስ መጥታ በሚኒባስ የምትሄድ ሰው ሰፈሩን ከየት ታውቀዋለች? የነዋሪ ስም ዝርዝር ፈልጋ ስትጠይቅ ወደ ዕድራችን መዝገብ መሯት። የዕድራችን መዝገብ የራሱ ጠባይ አለው። አባሉ ሲሞት ስሙ አይፋቅም፤ ቤተሰቡ በእሱ ስም ይቀጥላል። በየወሩ ስሙ ሲጠራ ከልጆቹ አንዱ «አቤት» ይላል። እኛ ለምደነዋል። ማህሌት ግን የሰማችው ስሙ ሲጠራና «አቤት» ሲባል ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልግ? በዕድራችንም ስም የሚጠሩት አቶ አጥናፉ ናቸውና፣ አባሉንም ከሥሩ የተዘረዘረውንም ቤተሰብ አነበቡላት፣ እሷ ጻፈች። ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ሰው መልክ ከእሳቸው እየጠየቁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከሸራ ጀርባ ሣሉ። ከሸራው ጀርባ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የውጭ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የማገዣው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሸራው ከሰዓት በኋላ ሊነሣ፣ ልጆቹ ጠዋት በየቤቱ ተሰማሩ። ሁለት ልጃገረዶች የወይዘሮ አቻምየለሽን በር አንኳኩ። ልጃቸው ፍቅርተማርያም ከፈተች።

«እማማ አቻምየለሽን ጸጉራቸውን ልንሠራላቸው ነው የመጣነው» አሏት።

ፍቅርተማርያም የበሩን ጠርዝ ያዘች። «ማን ላካችሁ?»

«አቶ አጥናፉ። ማጅራቷን ያማታል፣ ከኋላ በኩል ቀስ እያላችሁ ብለውናል።»

ኋላ ስትነግረኝ፣ እናቷ ጸጉሯን ስትሠራ ማጅራቷን እንደሚያማት ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጆቹን ግን አላባረረቻቸውም። አስገብታ የራሷን ጸጉር አሠራች። «ቀስ በሉ አላልኳቸውም፤ እነሱ ግን ቀስ አሉ» አለችኝ።

በዚያው ሰዓት የእኔም በር ተንኳኳ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ወላጆቿ ከስልጤ በቅርብ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ሉላ የምትባል ልጅ።

«ደህና አደሩ እማማ። ብሩህ አለ?»

ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ላይ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ብሩህ ልጄ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሱዳን በኩል ወጣ፤ ከመተማ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁም ወሬውም ጠፋ። ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም። ሰውም ስሙን በፊቴ ማንሣት ትቷል።

«አሁን ወጣ ብሏል» አልኳት። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

«ስንት ሰዓት ይመለሳል?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያው እስኪመጣ መስኮቱን ልወልውል» አለችና ወለወለች። ሁለት ጊዜ ቀና ብላ ወደ መንገዱ ስታይ አየኋት። እኔም አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ሸራው ተነሣ። ስልሳ ሁለት ሰው፣ በቁመቱ ልክ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ ስሙ ከእግሩ ሥር ተጽፏል። ከመካከላቸው ሰባቱን ራሳችን ቀብረናቸዋል። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ጠዋት ጠዋት ከአቃቂ ወንዝ ጉም ሲነሣ ግንቡ ይጠፋና ሰዎቹ ይቀራሉ። የሚኒባስ ረዳት «ቱሉ ዲምቱ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሁለት ሰው» እያለ ሲጣራላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ ከሞተ ጓደኛው ጎን ነው የተሣለው፤ ጓደኛው እጁን ትከሻው ላይ አሳርፏል። ትከሻዬን ቀዘቀዘኝ ብሎ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ለብሶ ሰነበተ። እኔ፣ ልጄ የቆመው በወንዙ በኩል ባለው ጫፍ መሆኑን ስለሰማሁ በዚያ አላልፍም ነበር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ በመስጊዱ በኩል እዞራለሁ።

በሳምንቱ እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ያው በጋቸው የተበላባቸው አቶ ሙህዲን ናቸው።

«ወገኖች፣ ልጆቹ አላጠፉም» አሉ። «ግን በሕይወት ያለ ሰው ከሞተ ጋር ተሰልፎ አይቆምም። ሐሙስ ደግሞ አየርላንዶቹ በስክሪን ያዩናል። የሌሉት ኖራ ይቀቡ።»

ሁሉም ተስማማ። የሌሉት እነማን እንደሆኑ ለመለየት አቶ አጥናፉ መዝገቡን እንዲያነቡ ታዘዙ። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ ሕያው የሆነ «አለሁ» ይላል፤ የሞተ ከሆነ የገዛ ቤተሰቡ «አርፏል» ይላል። አቶ አጥናፉ ራሳቸው አንዱንም አላሉም። ፍቅርተማርያም ተራዋ ሲደርስ «አርፋለች» አለች፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሰባት ጊዜ እንዲህ ተባለ።

«ከሙሉአለም ቤት፣ ብሩህ።»

በሠላሳ ሁለት ዓመት የዕድር አባልነቴ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ እጄን ነው የማነሣው።

«እትዬ ሙሉአለም፣ እርስዎ ይበሉ» አሉ አቶ ሙህዲን ቀስ ብለው።

«አሥር ዓመት ሊሞላው እኮ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

አንድ ቃል ነው የሚጠበቅብኝ። ብናገረው ልጄን በገዛ አፌ መቅበሬ ነው። ዝም ብልም ኖራው ባልዲው ውስጥ ተበጥብጦ ደጅ ተቀምጧል። የነጠላዬን ጫፍ ስጠቀልልና ስፈታ፣ አቶ አጥናፉ መዝገቡን ከደኑት።

«አለ እንጂ፤ የት ይሄዳል?»

«አቶ አጥናፉ፣ ይህ ፋብሪካ አይደለም» አሉ አቶ ሙህዲን። «በምን ያውቃሉ?»

«ሄዳችሁ እዩት።»

ወጣን። ተማሪዎቹ ከመምህርታቸው ጋር ብሩሽ ይዘው ግድግዳው ሥር ይጠብቁን ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ሆኖ፣ በወንዙ በኩል ወዳለው ጫፍ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። እስከዚያ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

የላክሁት ልጅ አልነበረም የቆመው። አንገቱ ቀጭን፣ ጸጉሩ ግንባሩ ድረስ የወረደ ልጅ ነበር የላክሁት። እዚህ የቆመው የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው። ትከሻው ሰፍቷል። ጸጉሩ በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ የሟች ባለቤቴ በዚህ ዕድሜው እንደሸሸው። በግራ ቅንድቡ ላይ እኔ የማላውቃት ጠባሳ አለች፤ የዳነች፣ የቆየች ጠባሳ።

«ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» አሏት አቶ ሙህዲን ሉላን።

«መጀመሪያ ከድሮው የትምህርት ቤት ፎቶ ነበር የሣልኩት። አቶ አጥናፉ፣ ይሄ የድሮው ነው፣ አሁን እንዲህ አይደለም አሉኝ። በየሳምንቱ እየመጡ አሳረሙኝ።»

«የሌሎቹንስ? የወይዘሮ አቻምየለሽንስ?»

«እሳቸውን ለሣሉት ልጆች፣ እሷ አልተለወጠችም፣ እንደነበረች ሣሏት ብለዋል።»

ሁላችንም ወደ ሰባቱ ዞርን። ወይዘሮ አቻምየለሽ በሞቱበት ሳምንት አስረውት የነበረውን ሻሽ አስረዋል፤ አንዲት መጨማደድ አልጨመሩም። ስድስቱም እንደዚያው፣ በቀበርናቸው ዕድሜ ላይ ናቸው። ያረጀው የእኔ ልጅ ብቻ ነው።

ከወንዙ በኩል ነፋስ መጣ። አቶ ሙህዲን የኖራውን ባልዲ አንሥተው ወዲያ ራቅ አደረጉት። እኔም ተናገርኩ፤ ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም።

«ይሄ አይነካም» አልኩ። «ይሄ አለ።»

ሰባቱ ኖራ ተቀቡ። ኖራ እንግዲህ ሰው አያጠፋም፤ ሰባት ነጭ የሰው ቅርጽ በየመካከላችን ቆሞ ቀረ። ሐሙስ በስክሪን ተያየን። የእነሱም ግድግዳ ላይ ሁሉም ወደ እኛ ሲያይ፣ አንድ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ብቻ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል። ማን እንደሆነ እኛ አልጠየቅናቸውም። እነሱም ስለ ኖራዎቹ አልጠየቁንም።

በማግስቱ እንደ ምንም ደፍሬ አቶ አጥናፉን በድንጋያቸው ላይ አገኘኋቸው። «ጸጉሩ እንዲያ መሸሹን በምን አወቁ?» አልኳቸው። «ያባቱ ልጅ አይደል» ይሉኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን አነሡና፣

«ትናንት ትንሽ ደክሞት ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ደህና ነው።»

ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ፤ ጠግቤ።

ስልሳ ሁለቱን አንድ በአንድ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አቶ አጥናፉ የሉበትም። ለካ የሰው ስም የሚጠራ ሰው የራሱን አይጠራም፤ ማህሌትም የሰማችውን ነው የጻፈችው። ሉላን ጠራሁና ከብሩህ ጎን እንድትሥላቸው ለመንኳት። መልካቸውን ሰፈሩን ስትጠይቅ አንዱ ረጅም ናቸው አላት፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ መነጽር አላቸው። መነጽር የላቸውም። ያ ሁሉ ሰው በዓይናቸው ሥር ሲያልፍ ኖሮ፣ እሳቸውን ያየ አልነበረም።

ስለዚህ እኔ ነገርኳት። የኮታቸው ሁለተኛ ቁልፍ በጥቁር ክር የተተከለ ቡናማ ቁልፍ ነው። የቀኝ ጫማቸው ከፊት በኩል ተበልቷል። እስክሪብቶ ሁለት ይይዛሉ፣ አንዱ አይጽፍም። ሲያዳምጡ ግራ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ፤ ጆሯቸው ላይ ሦስት ነጭ ጸጉር አለ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ መቼ አዩት?» አለችኝ።

«ከማዶ ሆኜ» አልኳት። «አሁን የዘንድሮውን ሣይ። በየዓመቱ ደግሞ ብሩሽሽን ይዘሽ ነይ፤ ምን እንደተለወጠ እነግርሻለሁ።»